ኦፕሬቲንግ ሲስተም ራሳችሁ መርጣችሁ ጫኑ፦ ፋይል ሳይጠፋ፣ ማሽኑ ሳይጉላላ

ላፕቶፑ ሲያዘግም ወይም ቫይረስ ሲገባው ብዙ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ከዚያ ማሽኑ ለሚያውቅ ሰው ይሰጣል። ሲመለስ ፈጥኖ ይመለሳል። ግን የልጆቹ ፎቶ የነበረበት ፎልደር የለም፤ ዊንዶውሱ በክራክ፣ ማለትም ፈቃድን በሚያልፍ ፕሮግራም፣ የተከፈተ ነው፤ ድምፁ አይሠራም።

ይህን ሥራ፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን (እንደ ዊንዶውስ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ዋና ፕሮግራም) አዲስ መጫንን፣ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ጥንቃቄ ይጠይቃል እንጂ ልዩ ሙያ አይጠይቅም። መጫኑ ራሱ ቶሎ ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው ከመጫኑ በፊት ያለው ዝግጅት ነው፤ ፋይል የሚጠፋውም እዚያ ላይ ስለሚቸኮል ነው።

ማሽናችሁን እወቁት

ምርጫው የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ነው። አሁን ያለው ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና የዲስኩ ዓይነት ይታያችኋል። ዲስኩ ላይ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣኑ ዲስክ) ወይም ኤችዲዲ ይላል። ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ኤችዲዲ ካለ፣ ማለትም ውስጡ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ዲስክ ከሆነ፣ የዝግመቱ ዋና ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የትኛውንም ሲስተም ብትጭኑ የጠበቃችሁትን ያህል አይፈጥንም። አቅም ካላችሁ ከፎርማቱ በፊት ኤስኤስዲ አስገቡ። ኤችዲዲ ያላቸው አብዛኞቹ ላፕቶፖች ባለ 2.5 ኢንቹን የሳታ ኤስኤስዲ ይቀበላሉ። ሌላም ጥቅም አለው፦ የወጣው ዲስክ ከነፋይሎቹ ሳይነካ ይቀመጣል። ምንም ነገር ቢበላሽ ወደ እሱ መመለስ ይቻላል።

የትኛውን ልጫን?

ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው በግልጽ የታወቀ ነው። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ የዲስክ ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚያስነሳው አብሮት የተሠራ ፕሮግራም) እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ያስፈልጋል። በፕሮሰሰር በኩል ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉት ናቸው ባመዛኙ ድጋፍ ያላቸው። ማይክሮሶፍት «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚል ነጻ መፈተሻ አለው። እሱን አስኬዱት፤ ይነግራችኋል። ቲፒኤም የለም ቢላችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

በእኔ እምነት 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ራስን ማድከም ነው። ይጫናል፤ ግን ብሮውዘርና አንድ ሰነድ ስትከፍቱ ማሽኑ ይንተፋተፋል። 8 ጊጋ ካለ ጥሩ ነው።

ዊንዶውስ 10ን አዲስ ለመጫን የምታስቡ ካላችሁ ግን ደግማችሁ አስቡ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያም ለተመዘገበ ሰው ብቻ፣ ያውም ለአንድ ዓመት የተሰጠ ነው። የደህንነት ማሻሻያ በማያገኝ ሲስተም ወደ ባንክ አካውንት መግባት አደጋ አለው።

የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አልፎ የሚያስጭን ዘዴ አለ። ሩፈስ የተባለው፣ የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ራሱ ምርጫውን ያቀርባል። ለዋና ሥራችሁ በምትጠቀሙበት ማሽን ላይ አልመክረውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ሲስተም ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። በጣም ያረጁ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ አዲሶቹ እትሞች ጭራሽ አይነሱም።

ታዲያ መስፈርቱን የማያሟላ ማሽን ያለው ሰው ምን ያድርግ? ሊኑክስ ይጫን። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዛሬ በብዙ ዓይነት ስርጭት፣ ማለትም ተሟልቶ በተዘጋጀ ሲስተም፣ ይመጣል። የስሞቹ ብዛት ጀማሪን ያደናግራል። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። የታችኛው መስመር፣ የጀምር ቁልፉና የፋይል መስኮቱ ለዊንዶውስ ለለመደ እጅ አይከብዱም። ነጻ ነው፤ ክራክ የሚባል ነገር አይፈልግም። 4 ጊጋ ራም ካላችሁ ሲናመን የተባለውን እትም፣ ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢን አውርዱ። ኡቡንቱም ጥሩ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) እትሙ የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ አለው። ገጽታው ግን ትንሽ መልመድ ይጠይቃል። ሥራችሁ ሁሉ ብሮውዘር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጉግልን ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ማየት ትችላላችሁ።

ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ያላችሁ ምርጫችሁ ጠባብ ነው። ሚንት ከ20ኛው እትም ጀምሮ 32 ቢት አቁሟል። ለረጅም ዘመን የቆየው ዴቢያን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛውን አስቀርቷል። ማክ ያላችሁ ደግሞ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይደለም። ማክኦኤስ የሚጫነው በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ የራሱ ሪከቨሪ (መልሶ መጫኛ) አለው።

አሁን ወሳኙ ጥያቄ፦ በየቀኑ የምትከፍቷቸው ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው? ቁጭ ብላችሁ ዘርዝሯቸው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ቴሌግራም፣ ቪኤልሲና ዙም ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ሊብሬኦፊስ ይከፍታል፤ ውስብስብ ቅርጽ ያለው ሰነድ ግን ቦታው ሊዛባ ይችላል። ፎቶሾፕ፣ አውቶካድና በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ሙሉው ማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን ለሊኑክስ አልተሠሩም። እንጀራችሁ በእነዚህ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። ማንም «ሊኑክስ ይሻላል» ስላላችሁ ብቻ አትቀይሩ።

ባክአፕ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ሰው «ፋይሌ ዲ ላይ ነው፣ ችግር የለም» ይላል። ሲ እና ዲ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዲስክ ላይ ያሉ ሁለት ክፍልፋዮች ናቸው። መጫኛው ላይ ሙሉ ዲስኩን ሰርዝ የሚለውን ከነካችሁ ዲም አብሮ ይሄዳል። ዲስኩ ራሱ ቢበላሽም ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ባክአፕ የሚባለው ከኮምፒውተሩ ወጥቶ የተቀመጠ ነው፦ በውጫዊ ዲስክ፣ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በክላውድ።

ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ቪዲዮስ የሚረሱ አይደሉም። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው። ዴስክቶፕ ላይ የተበተኑት ፋይሎች አሉ። ዳውንሎድስ ውስጥ የተከማቸው አለ፤ ቴሌግራም የሚያወርደውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ብሮውዘር ውስጥ ሴቭ የተደረጉ ፓስወርዶችና ቡክማርኮች አሉ። በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ የአውትሉክ ኢሜይል አለ። የሒሳብ ፕሮግራም ካላችሁ ዳታው የሚቀመጠው ፕሮግራሙ ራሱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። በፕሮግራሙ የራሱ ባክአፕ አውጡት።

ኮፒ አድርጋችሁ ስትጨርሱ ውጫዊውን ዲስክ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ጥቂት ፎቶዎችን፣ አንድ ቪዲዮና አንድ ሰነድ ከፍታችሁ እዩ። ከከፈተ ባክአፕ አላችሁ። የፎልደሩ ስም ስለታየ ብቻ አትመኑ።

ሌላው ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸውን ይቆልፋሉ። ባዮስ ውስጥ አንዳንድ ነገር ስትቀይሩ ዊንዶውሱ በድንገት ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግቡና ወረቀት ላይ ገልብጡት። ያለ እሱ በዲስኩ ላይ ያለውን ማንም ሊከፍትላችሁ አይችልም።

ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ አውጡት።

ለዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚለውን አውርዱና አስኬዱት። ራሱ አውርዶ ፍላሹ ላይ ይጽፋል። ለሊኑክስ መጀመሪያ ከስርጭቱ ገጽ አይኤስኦ የሚባለውን ፋይል ታወርዳላችሁ። ከዚያ ሩፈስን ከፍታችሁ ፍላሹንና ፋይሉን ትመርጣላችሁ፤ «ስታርት» ትላላችሁ። አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ፔስት ብታደርጉት አይነሳም።

ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ተበላሽቶ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ከማውረጃው አጠገብ ሻ256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት የሚቀመጠው። ሩፈስ ውስጥ ፋይሉን ከመረጣችሁ በኋላ «ሴሌክት» የሚለው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ብትነኩ የእናንተን ፋይል ቁጥር ያወጣላችኋል። ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ እንደገና አውርዱ። በመጫን መሃል ከሚመጣ ስህተት ብዙው በዚህች ፍተሻ ይቀራል።

አይኤስኦ ከቴሌግራም ቻናል ወይም «ቀድሞ የተከፈተ ዊንዶውስ» ከሚሰጥ ገጽ አታውርዱ። ውስጡ ምን እንደተጨመረ አታውቁም። ለዚያ ሲስተም ደግሞ ፓስወርዳችሁን ሁሉ ልትሰጡት ነው።

ማሽናችሁ ከነዊንዶውሱ የተገዛ ከሆነ ክራክም አያስፈልጋችሁም። ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ነው። ሲጫን «ፕሮዳክት ኪ የለኝም» የሚለውን ምረጡ። ቀድሞ ሆም ከነበረ ሆምን፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮን ጫኑ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ ራሱ ይከፈታል።

ከፍላሽ ማስነሳት

ቻርጀሩን ሰኩ። ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ገና አርማው ሲመጣ የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤፍ 11፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ ነው። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 ነው፤ ግን መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ መፈቀድ ሊኖርበት ይችላል።

ቁልፉ እምቢ ካለ ቀላል መንገድ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን ነክታችሁ ፍላሹን ምረጡ።

ሊኑክስ ከሆነ የሚመጣው መጫኛ ብቻ አይደለም። ሲስተሙ ራሱ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ዲስካችሁም አይነካም። ይህን ዕድል አትዝለሉት። ዋይፋይ አገናኙ። ድምፅ ያለበት ቪዲዮ ክፈቱ። ካሜራውን፣ ብሉቱዙን፣ የስክሪኑን ብርሃን ማስተካከያ ሞክሩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱት፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ከእንቅልፉ አልነቃ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፕሪንተር ካላችሁ ሰኩት። አንድ ነገር ካልሠራ ምንም ሳይነካ ተመልሳችሁ ታጠፋላችሁ። ከፍላሽ ሲነሳ ቀርፋፋ ነው፤ በፍጥነቱ አትፍረዱበት።

ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ

ከዚህ በፊት ያሉት ገጾች ቋንቋ፣ ኪቦርድና የፈቃድ ስምምነት ናቸው። የዊንዶውስ አዲሱ መጫኛ ፋይል ሁሉ እንደሚጠፋ የሚገልጽ ሳጥን ላይ ምልክት እንድታደርጉ ይጠይቃል። ከዚያ የዲስኮቹ ዝርዝር ይመጣል። የፋይላችሁ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱና አንብቡት።

ለምሳሌ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታያላችሁ። «ዲስክ 0 ፓርቲሽን 1» 100 ሜጋባይት ነው፤ ሲስተም ይላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ነው። «ፓርቲሽን 2» 16 ሜጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ ለራሱ የያዘው ነው። «ፓርቲሽን 3» ትልቁ ነው። ሲ የምትሉት እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ሪከቨሪ የሚል ትንሽ ክፍል አለ። የሁሉም ድምር 256 አይሆንም፤ ወደ 238 ይጠጋል። የጎደለ ነገር የለም። አምራቹ በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1024። ከሥር ደግሞ «ዲስክ 1» የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፍላሻችሁ ነው። በመጠኑ ትለዩታላችሁ። ውጫዊው የባክአፕ ዲስክ ግን እዚህ መታየት የለበትም። ከታየ አሁኑኑ ንቀሉት።

ሁሉንም አጥፍታችሁ በንጹሕ የምትጀምሩ ከሆነ ዲስክ 0 ላይ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ «ዲሊት» አድርጉ። «አንአሎኬትድ ስፔስ» የሚል አንድ መስመር ሲቀር እሱን መርጣችሁ «ኔክስት» በሉ። የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ዊንዶውስ ራሱ ይሠራቸዋል። ዲን ማትረፍ የምትፈልጉ ግን ሲ የነበረውን ክፍል ብቻ አጥፉና ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ጫኑ። ሌላውን አትንኩ።

ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ፤ ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ከኢንቴል 11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል አሠራር ዲስኩን ከመጫኛው ይሰውራል። የአርኤስቲ ድራይቨሩን (ሲስተሙ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ትንሽ ፕሮግራም) ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አድርጉና «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ስጡት።

ሚንት ላይ ጥያቄው በሌላ መልክ ይመጣል። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ዲስኩን በሙሉ፣ ዲንም ጨምሮ ያጠፋል። «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» የሚለው ዊንዶውሱን ሳይነካ ከጎኑ ይጭናል። «ሳምቲንግ ኤልስ» የሚለው ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አትግቡበት።

ሁለቱን አብራችሁ ማኖር ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ይቅደም፤ ሊኑክስ ይከተል። አስቀድማችሁ ዊንዶውስ ውስጥ «ዲስክ ማኔጅመንት» ገብታችሁ ሲን በ«ሽሪንክ» ቀንሱት። ለሚንት 100 ጊጋ ብትሰጡት ምቹ ነው፤ ዝቅተኛው 20 ነው። ከዚያ በፓወር ማስተካከያው ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን አጥፉ። እሱ ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሊኑክስም የሲን ፋይሎች ሊያነብ እንጂ ሊጽፍባቸው አይችልም።

መሃል ላይ የሚያጋጥም

መጫኑ ሲጀምር ተዉት። ዊንዶውስ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል። በመጀመሪያው ሪስታርት ላይ «ከፍላሽ ለመነሳት ቁልፍ ተጫን» ቢላችሁ አትጫኑ። ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ከጀመረባችሁ ፍላሹን ንቀሉና አስነሱት፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ዊንዶውስ 11 ሆም በመጨረሻ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ዋይፋዩን ካላወቀው እዚያው ትቆማላችሁ። መፍትሔው ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያጋራውን «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ማብራት ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል። የዋይፋዩን ድራይቨር ቀድሞ ፍላሽ ላይ መያዝም ብልህነት ነው።

ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ

መጀመሪያ አፕዴት። ዊንዶውስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር በዚሁ ይመጣል። የቀረ ካለ «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት ታያላችሁ፤ እሱን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በሞዴል ቁጥሩ ፈልጉ። ድራይቨር አዘምናለሁ የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ለጸረ ቫይረስ አብሮት የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል። ሚንት ላይ «አፕዴት ማናጀር» ከዚያ «ድራይቨር ማናጀር» ክፈቱ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካላችሁ የሚመክረውን ምረጡ። «ታይምሺፍት» የሚለውንም አሁኑኑ አብሩት፤ አንድ አፕዴት ሲስተሙን ቢያበላሽ ወደ ትናንትናው መልክ ይመልስላችኋል። የእናንተን ፋይል ግን ባክአፕ አያደርግም።

በአማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ላይ ከቋንቋ ማስተካከያው አማርኛን ጨምሩ፤ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የአጻጻፍ ስርዓት በኩል ኤም17ኤን የሚለውን ጥቅል ጭናችሁ አማርኛን ትመርጣላችሁ።

ፋይሎቻችሁን ከባክአፑ ስትመልሱ ኮፒ አድርጉ እንጂ ከት አታድርጉ። ውጫዊው ዲስክ ላይ ያለው ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ። ጎደለ የምትሉት ፋይል ትዝ የሚላችሁ ስትፈልጉት ነው።

ፍላሹንም አትሰርዙት። የሊኑክስ ፍላሽ ያለው ሰው ዊንዶውሱ አልነሳ ባለው ቀን በእሱ አስነስቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይችላል። በቢትሎከር ከተቆለፈ ያ 48 አሃዙ ቁጥር ስለሚያስፈልግ የጻፋችሁበትን ወረቀት ከፍላሹ ለይታችሁ አስቀምጡት።